በአሜሪካ በምትክ እናት ልጅ ለማግኘት፦ ከሕክምናው በፊት ሕጉን ማስቀደም

ማኅፀኗ በሕመም ምክንያት የወጣላት፣ ጽንስ በተደጋጋሚ የሚወርድባት ወይም እርግዝና ለሕይወትሽ አስጊ ነው የተባለች ሴት የራሷንና የባለቤቷን ዘር የያዘ ልጅ ለማግኘት የሚቀራት መንገድ ሌላ ሴት በምትክ እናትነት እንድታረግዝላት ማድረግ ብቻ ሊሆን ይችላል። የውጭ ዜጎች ከኢትዮጵያ ልጅ በጉዲፈቻ እንዳይወስዱ በ2010 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ዜግነታቸውን ለቀየሩ ብዙ ጥንዶች አንዱ የታወቀ በር ጠብቧል። በአሜሪካ በሚኖረው ማኅበረሰባችን ዘንድ ስለ ምትክ እናት የሚወራው ግን በሹክሹክታ ነው፤ ስለዚህም ብዙዎች ክሊኒክ ከመረጡ፣ ገንዘብ ከከፈሉና ከአንዲት ሴት ጋር በቃል ከተስማሙ በኋላ ነው ጠበቃ መፈለግ የሚጀምሩት። ይህ አካሄድ አደገኛ ነው። የልጁ ወላጅ ማን እንደሆነ የሚወሰነው በወሊድ ቀን በሚሆነው ነገር ሳይሆን፣ ሽሉ ወደ ማኅፀን ከመግባቱ በፊት በተፈረመው ወረቀትና ወሊዱ በሚፈጸምበት ቦታ ሕግ ነው።

መመሪያው የተጻፈው በአሜሪካ በዜግነት ወይም በግሪን ካርድ ለሚኖሩ ጥንዶች ነው። በጊዜያዊ ቪዛ ወይም በጥገኝነት ጥያቄ ላይ ያላችሁ ከሆነ ከታች የተዘረዘረውን ከመጀመራችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አነጋግሩ። ለአሠራሩ ዋና ምሳሌ ያደረግኩት የካሊፎርኒያን ሕግ ነው፤ ከብዙዎቹ ይልቅ ግልጽና የተፈተነ በመሆኑ። «ዓ.ም.» ከተባለባቸው በቀር ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደረጃ 1፦ የትኛውን ዓይነት እንደምትመርጡ ወስኑ

ሁለት ዓይነት አሠራር አለ። በአንደኛው ምትክ እናቷ የራሷን እንቁላል ትሰጣለች፤ በመሆኑም የሕፃኑ የሥጋ እናት እርሷው ናት። በሌላው ከጥንዶቹ ወይም ከለጋሾች በተገኘ እንቁላልና የወንድ ዘር ሽሉ በላቦራቶሪ ተዘጋጅቶ ወደ ማኅፀኗ ይገባል፤ እርሷም ከሕፃኑ ጋር የዘር ትስስር አይኖራትም። ወጪው ቢያንስም እንኳ የመጀመሪያውን አትምረጡ ብዬ በግልጽ እመክራለሁ።

ምክንያቱን ሦስት የፍርድ ቤት ጉዳዮች ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ1986 በኒው ጀርሲ በራሷ እንቁላል ያረገዘች ሴት በ10 ሺህ ዶላር ከተስማማች በኋላ ሕፃኗን አልሰጥም አለች፤ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1988 ውሉን ዋጋ አሳጣው፣ ሕፃኗ በአባቷ ዘንድ እንድታድግ ቢወስንም ሴቲቱ ግን ሕጋዊ እናት ሆና ቀረች። ከዚያ በተቃራኒ የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1993 በጆንሰንና በካልቨርት መካከል በነበረው ክርክር አንዷ በመውለድ፣ ሌላዋ በዘር እናትነታቸውን ያስረዱ ሁለት ሴቶች ፊቱ ቀርበው፣ ልጁ እንዲመጣና የራሷ አድርጋ ልታሳድገው ያሰበችው ሴት እናት ናት ሲል ወሰነ። ሦስተኛው የበለጠ የሚያስደነግጥ ነው። እንቁላሉም የወንድ ዘሩም ከለጋሾች የተገኘበት ጥንድ ልጅቷ ከመወለዷ በፊት ተለያየና የሥር ፍርድ ቤቱ ልጅቷ ሕጋዊ ወላጅ የላትም አለ፤ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ1998 ይህን ሽሮ፣ በፈቃዳቸው እንድትወለድ ያደረጉት ባልና ሚስት ወላጆቿ ናቸው ሲል ባይወስን ኖሮ ሕፃኗ በሕግ ፊት የማንም ሳትሆን ትቀር ነበር። ዛሬ በውል ላይ የምታነቧቸው አንቀጾች አብዛኞቹ ከእነዚህ ክርክሮች የተወለዱ ናቸው።

ደረጃ 2፦ ሕፃኑ የሚወለድበትን ስቴት ምረጡ

ምትክ እናትን የሚመለከት አንድ የፌዴራል ሕግ የለም፤ እያንዳንዱ ስቴት በራሱ መንገድ ይሄዳል። ብዙዎቻችን የምንኖርበት የዋሽንግተን አካባቢ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ዲሲ እስከ 2017 ድረስ እንዲህ ያለውን ውል በገንዘብና በእስራት ትቀጣ ነበር፣ አሁን ግን በዝርዝር ደንግጋ ትፈቅዳለች። ሜሪላንድ በዋናነት ከፍተኛው ፍርድ ቤቷ በ2007 በሰጠው ውሳኔ ላይ ተመርኩዛ ስትሠራ ቆይታለች። ቨርጂኒያ ውሉን ብትፈቅድም ከሕክምናና ከተያያዥ ወጪ ያለፈ ክፍያ የሚሰጥ አንቀጽ በዚያ ዋጋ የለውም፣ ምትክ እናትን በክፍያ ማገናኘት በወንጀል ያስጠይቃል፣ ውሉ አስቀድሞ በፍርድ ቤት ካልጸደቀም ወላጅነቱ የሚተላለፈው ሴቲቱ ከወለደች በኋላ በምትፈርመው የስምምነት ቃል ነው። አንዲት ሴት በቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ትኑር ወይም ዲሲ፣ በመኪና ጥቂት ደቂቃ ቢሆንም በሕግ ግን ረጅም ርቀት ነው።

ከዚህ አካባቢ ውጭ ኒው ዮርክ ከየካቲት 2021፣ ሚሺጋን ደግሞ ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ በሕግ ፈቅደዋል። ኔብራስካ ክፍያ ያለበትን ውል አታስፈጽምም፤ ሉዊዚያናም ክፍያን ትከለክላለች። ስለዚህ ጥንዶችን ከምትክ እናት ጋር የሚያገናኝ ኤጀንሲ አንዲትን ሴት ሲያቀርብላችሁ የመጀመሪያ ጥያቄያችሁ «የት ነው የምትወልደው?» ይሁን።

እህት ወይም ዘመድ ላርግዝ ስትል

በእኛ ዘንድ ይህ ሐሳብ ቶሎ ይመጣል። «እህቴ እያለችልኝ ለምን ባዕድ ፍለጋ?» ይባላል፤ በፍቅር የተነገረ ቃል ስለሆነም እምቢ ማለት ይከብዳል። እህታችሁ በአሜሪካ በሕጋዊ መንገድ የምትኖር፣ የወለደችና ጤነኛ ከሆነች ሊሳካ ይችላል፤ ነገር ግን ውሉ፣ የሁለቱ ወገን የተለያዩ ጠበቆችና የሥነ ልቦና ምክክሩ ለእርሷም አይቀሩም። እንዲያውም በዝምድና መካከል እምቢ ለማለት ነፃ መሆኗን ማረጋገጥ ከባዕዷ ሴት ይልቅ ያስፈልጋል። አማካሪው ለብቻዋ ያነጋግራት፤ እናትና አባት፣ ሽማግሌና የንስሐ አባት ከመስማታቸው በፊት የእርሷ ቃል ይሰማ።

ከኢትዮጵያ በጉብኝት ቪዛ አስመጥቶ ማስወለድ ግን ፈጽሞ የማይሞከር ነው። ከጥር 2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደንብ፣ ልጅ በመውለድ ለልጁ ዜግነት ማስገኘትን ዋና ዓላማው ያደረገ ጉዞ ቪዛ እንዲከለከል ያዝዛል፤ ዓላማውን ደብቆ ቪዛ ማግኘት ደግሞ በማጭበርበር ተቆጥሮ እህታችሁ ዳግም ወደ አሜሪካ እንዳትገባ ሊያደርጋት ይችላል። ጉዳዩን አዲስ አበባ ላይ እንጨርስ የሚለውም አያዋጣም። ሽልን በላቦራቶሪ የማዘጋጀቱ ሕክምና (አይቪኤፍ) አገር ቤት ይሰጣል፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ማዕከልም ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ያገለግላል፤ ሆኖም የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 124 እናትነት የሚረጋገጠው ሴቲቱ ልጁን በመውለዷ ብቻ ነው ስለሚል፣ ሽሉ የእናንተ ቢሆንም እንኳ በሕግ ፊት እናት የምትሆነው የወለደችው እህታችሁ ናት። አግብታ ከሆነም ባሏ አባት ተብሎ ይገመታል።

ደረጃ 3፦ ምትክ እናቷን ማወቅ

የአሜሪካ የሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማኅበር ዕድሜዋ ከ21 እስከ 45፣ ቢያንስ አንድ ያለ ችግር የተጠናቀቀ እርግዝና ያላት፣ በጠቅላላው ከአምስት በላይ ያልወለደች፣ ከሦስት ጊዜ በላይም በኦፕራሲዮን ያልወለደች ሴት እንድትመረጥ ይመክራል። ክሊኒኩ የቀደሙ የወሊድ መዝገቦቿን ያያል፤ የሥነ ልቦና ባለሙያ እርሷንም፣ ባለቤቷ ካለም እርሱን፣ እናንተንም ያነጋግራል። በዚህ ደረጃ ስለ ገንዘብ አታውሩ፤ እርሱን ለጠበቆች ተዉት። ስለ እርስዋ ልጆች፣ ስለ ሥራዋ፣ ለምን ይህን እንደፈለገች፣ በወሊድ ክፍል ውስጥ ማን እንዲገኝ እንደምትሻ ጠይቋት፤ ለእርሷም ጥያቄዎች በእውነት መልሱ።

ደረጃ 4፦ ውሉ

አብዛኛውን ጊዜያችሁን እዚህ ላይ አውሉ። ከጥር 2013 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የካሊፎርኒያ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 7962 ምትክ እናቷና ጥንዶቹ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው፣ ገለልተኛና ፈቃድ ያለው ጠበቃ እንዲኖራቸው፣ ፊርማው በኖታሪ እንዲረጋገጥ፣ ውሉም ሙሉ በሙሉ እስኪፈረም ድረስ ለሽል ዝውውሩ የሚሆን መድኃኒት እንዳይጀመር ያዝዛል። የእርሷን ጠበቃ ክፍያ የምትሸፍኑት እናንተ ብትሆኑም ጠበቃው የሚያገለግለው እርሷን ብቻ ነው፤ ጠበቃው የሚያነሳውን ተቃውሞ እንደ ጠላትነት አትዩት፣ በኋላ ውሉን ከመፍረስ የሚያድነው ያ ተቃውሞ ነውና።

ውሉ የተፈረመበትን ቀን፣ እንቁላሉና የወንድ ዘሩ ከማን እንደተገኙ፣ ወላጆቹ እነማን እንደሆኑ፣ የእርሷና የሕፃኑ የሕክምና ወጪ በምን እንደሚሸፈን መጻፍ ግዴታ ነው። ጠበቆች ደግሞ ከዚህ በላይ ይጨምራሉ፦ ስንት ሽል እንደሚገባ (አንድ ብቻ እንዲሆን ጠይቁ፤ መንታ ለእርሷም ለሕፃናቱም አደጋን ይጨምራል)፣ ሥራ ብታቋርጥ ደመወዟ እንዴት እንደሚተካ፣ በኦፕራሲዮን ብትወልድ ወይም ማኅፀኗን ብታጣ ምን እንደሚከፈላት፣ የሕይወት ኢንሹራንሷ መጠን፣ እናንተ ብትፋቱ ወይም ብትሞቱ ሕፃኑን ማን እንደሚረከብ። የመጨረሻውን «ክፉ አታሟርት» ብሎ ማለፍ አይቻልም፤ አሳዳጊ የሚሰይም ኑዛዜ ሽሉ ከመግባቱ በፊት ይጻፍ።

ሁለት አንቀጾችን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። አንደኛው የጉዞ ገደብ ነው። ከተወሰነ ሳምንት በኋላ ከስቴቱ እንዳትወጣ የሚለው ቃል ነፃነቷን ለመንፈግ የተጻፈ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በስምንተኛ ወሯ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ ኔብራስካ ሄዳ ምጥ ቢመጣባት የካሊፎርኒያው ውል የሚጋጠመው ከሌላ ሕግ ጋር ነው። ሁለተኛው በሰውነቷ ላይ የሚወሰኑ ውሳኔዎችን ይመለከታል። ጽንስ ማቋረጥን፣ ኦፕራሲዮንን ወይም ሌላ ሕክምናን በተመለከተ ሐሳባችሁን አስቀድማችሁ ማስማማትና መጻፍ ትችላላችሁ፣ ውሉ ግን እርሷን በግድ ሐኪም ፊት ሊያቀርባት አይችልም። ስለ ጽንስ ማቋረጥ ያላችሁ እምነት ከእርሷ የተለየ ከሆነ፣ እናንተም እርሷም ከሌላ ሰው ጋር ብትጣመሩ ይሻላል።

እርሷ ባለትዳር ከሆነች ባለቤቷም ይፈርማል፤ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተወለደ ልጅ አባት ባል ነው ብሎ ስለሚገምት ይህን ግምት በጽሑፍ ማስወገድ ያስፈልጋል። ከመካከላችሁ እንግሊዝኛ የሚከብደው ካለ ውሉ በባለሙያ ወደ አማርኛ ተተርጉሞ ይነበብለት። ባል ገብቶት ሚስት በእምነት ብቻ የፈረመችበት ውል ለክርክር በር ይከፍታል።

ደረጃ 5፦ ገንዘቡና ኢንሹራንሱ

በአሜሪካ ጠቅላላ ወጪው ብዙ ጊዜ ከ100 ሺህ ዶላር ያልፋል። ለእርሷ የሚሰጠው ክፍያ ከዚህ ውስጥ አንዱ ክፍል ብቻ ነው፤ የክሊኒኩ፣ የኤጀንሲው፣ የጠበቆቹና የኢንሹራንሱ ሌላ ነው። ገንዘቡ በእርሷ እጅ ወይም በኤጀንሲው ሒሳብ አይቀመጥም፤ ካሊፎርኒያ ዋስትና ባለው፣ ገለልተኛ ድርጅት በአደራ በሚይዘው የኤስክሮ ሒሳብ ወይም በጠበቃ የአደራ ሒሳብ እንዲቀመጥ ታዝዛለች። ምክንያቱ እውነተኛ ነው፦ በ2009 በካሊፎርኒያ ሞዴስቶ አንድ ኤጀንሲ የደንበኞቹን ገንዘብ ይዞ ተዘጋ፤ በ2024 ደግሞ በሂውስተን የነበረ አንድ የኤስክሮ ድርጅት የያዘው የጥንዶች ገንዘብ ጠፍቶ፣ ምትክ እናቶች በእርግዝና መካከል ክፍያ ተቋርጦባቸዋል። ስለዚህ ኤስክሮ ነው ስለተባለ ብቻ አትተማመኑ። የዋስትናውን ሰነድ ጠይቁ፣ ድርጅቱን የምትመርጡት እናንተ ወይም ጠበቃችሁ ሁኑ፣ ሒሳቡን በማንኛውም ሰዓት በኢንተርኔት ማየት እንድትችሉም በጽሑፍ አስገቡ።

ሒሳቡ መሞላት ያለበት መድኃኒት ከመጀመሩ በፊት ነው። እቁብ ለሚጥሉ ይህ ልብ የሚባል ነገር ነው፤ ዕጣው እርግዝናው አጋማሽ ላይ እንደሚወጣ አስባችሁ ከሆነ ውሉን አዘግዩት። ለእርሷ የምትከፍሉትንና የእርሷን ሕክምና በግብር ላይ ለማስቀነስም አታስቡ፤ የአሜሪካ ገቢዎች መሥሪያ ቤት እነዚህን እንደ ሕክምና ወጪ አይቀበልም።

የእርሷን የጤና ኢንሹራንስ ውል በዚህ ሥራ የተሰማራ ባለሙያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ ያንብበው። አንዳንዶቹ በምትክነት የሚመጣ እርግዝናን አይሸፍኑም፤ ሌሎቹ ሸፍነው የከፈሉትን ከእርሷ ክፍያ ላይ ይጠይቃሉ። የሕፃኑ ሕክምና ግን ከተወለደበት ሰዓት ጀምሮ በእናንተ ኢንሹራንስ ነው፤ በአሠሪ በኩል ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ አለባችሁ። ያለ ጊዜው የተወለደ ሕፃን በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሚያድርበት እያንዳንዱ ሌሊት ብዙ ሺህ ዶላር ስለሚያስወጣ ይህን ለነገ አትበሉ።

ደረጃ 6፦ ሕክምናውና እርግዝናው

በፌዴራሉ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ደንብ መሠረት እንቁላልና የወንድ ዘር የሰጡት ወላጆች እንደ ለጋሽ ተቆጥረው ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስና ለሌሎች ተላላፊ በሽታዎች ይመረመራሉ፤ ምርመራው በጊዜው ካልተደረገ ሽሎቹን ማዘዋወር ያስቸግራል። እርሷ ደግሞ በብዙ ክሊኒኮች አሠራር ዝውውሩ ከመደረጉ ከቀናት በፊት ጀምራ እስከ እርግዝናው አሥረኛ ሳምንት አካባቢ በየቀኑ በዘይት የተዘጋጀ፣ እርግዝናን የሚደግፍ ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን በረጅም መርፌ መቀመጫዋ ላይ ትወጋለች። ቦታው ያብጣል፣ ይጠጥራል፣ በአንድ ጎኗ መተኛት ያቅታታል። ይህ የሚሆነው ደግሞ ሽሉ መያዙ ገና ሳይታወቅ ጭምር ነው። «ምን በልታ ይሆን፣ ቡና ትጠጣ ይሆን» እያላችሁ በየዕለቱ ከመደወላችሁ በፊት ይህን አስቡ። የሐኪም ቀጠሮ ላይ በአካል ወይም በቪዲዮ መገኘት መብታችሁን ውሉ ይሰጣችሁ፤ ከዚያ ውጭ ያለው ቤቷና ሕይወቷ ነው።

ደረጃ 7፦ ከወሊድ በፊት የወላጅነት ፍርድ

በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ወር ጠበቃችሁ አቤቱታውን ያስገባ። በካሊፎርኒያ ሕፃኑ በሚወለድበት፣ እናንተ ወይም እርሷ በምትኖሩበት፣ ውሉ በተፈረመበት ወይም ሕክምናው በሚሰጥበት ካውንቲ ማቅረብ ይቻላል። ውሉ፣ የጠበቆቹ ቃልና የእርሷና የባለቤቷ መግለጫ ተያይዞ ይቀርባል፤ ሁሉም በሕጉ መሠረት ከተሟላ ዳኛው እናንተ ብቸኛ ወላጆች መሆናችሁን ይፈርዳል፤ ፍርዱም ሕፃኑ ሲወለድ ተፈጻሚ ይሆናል። የተረጋገጡ ቅጂዎችን በብዛት አውጡ፤ አንዱ ለሆስፒታሉ የማኅበራዊ ሠራተኛ፣ አንዱ ለልደት መዝጋቢው አስቀድሞ ይላክ።

በሆስፒታል

ሆስፒታሎች አዲስ የተወለደን ሕፃን ከእናቱ ጋር የሚያዛምዱት ተመሳሳይ ቁጥር ባለው የእጅ ማሰሪያ ነው፤ በልማድ አንዱ ለሕፃኑ፣ አንዱ ለወለደችው፣ አንዱ ለአባት ይታሰራል። ማሰሪያው ለእናንተ እንዲሰጥ በጽሑፍ ካልተስማማችሁ፣ ሌሊት ላይ ተረኛዋ ነርስ ስለ ፍርዱ የማታውቅ ከሆነ፣ ሕፃኑን ለመያዝ እንኳ ልትከለከሉ ትችላላችሁ። ሰባተኛው ወር ሲገባ ከሆስፒታሉ ጋር የወሊድ ዕቅድ አውጡ፦ የእናንተ ክፍል፣ ማሰሪያው፣ ክትባትና ሌሎች ፈቃዶችን ማን እንደሚፈርም፣ ከሆስፒታል ማን ይዞት እንደሚወጣ።

ዘመድ አዝማድ በእልልታ ሲመጣ ወደ እናንተ ክፍል ይምጣ። አራሷ እርሷ ናት፤ ደም የሚፈሳት፣ ጡቷ በወተት የሚወጠርባት፣ ዕረፍት የሚያስፈልጋት እርሷ ናት። ገንፎው ከተሠራ ከእርሷ ፈቃድ ጋር ለእርሷም ይድረስ።

ወደ ሌላ አገር ለሚያስቡ

በአውሮፓ የምትኖሩ ወይም አገር ልትቀይሩ ያሰባችሁ ከሆነ የአሜሪካ ፍርድ ድንበር ሲሻገር እንደማይበቃ እወቁ። በብሪታንያ የወለደችው ሴት ዘሩ የእርሷ ባይሆንም ሕጋዊ እናት ናት፤ ወላጅነቱን ለማዘዋወር በስድስት ወር ውስጥ ማመልከት ያስፈልጋል፣ የእርሷ ፈቃድም ከወሊድ ስድስት ሳምንት ሳይሞላው አይጸናም። ጣሊያን በጥቅምት 2024 ባወጣችው ሕግ ዜጎቿ በውጭ አገር ቢያደርጉት እንኳ እስከ ሁለት ዓመት እስራትና እስከ 1 ሚሊዮን ዩሮ ቅጣት ታስከትላለች። እስራኤል ከ1996 ጀምሮ ውሉን ፈቃጅ ኮሚቴ እንዲያጸድቀው ታደርጋለች። የአሜሪካ ዜጋ ሆናችሁ ሕፃኑ ከአሜሪካ ውጭ ከተወለደ ደግሞ፣ በ2021 በተሻሻለው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት አሠራር ዜግነቱን የሚያገኘው ከተጋቡት ወላጆች ቢያንስ ከአንዱ ጋር የዘር ወይም የመውለድ ትስስር ካለው ነውና የዲኤንኤ ምርመራ ሊጠየቅ ይችላል።

ደረጃ 8፦ ከወሊድ በኋላ ያሉ ሰነዶች

የልደት ምስክር ወረቀቱ ስማችሁን ይዞ ሲወጣ የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ፓስፖርት ጠይቁ፤ ዕድሜው ከ16 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ፓስፖርት ሁለታችሁም በአካል መቅረብ ወይም ያልቀረበው ወገን ፈቃዱን በኖታሪ መስጠት አለበት። ለሕፃኑ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ለማውጣት የሚቀርበው ይኸው የልደት ወረቀት ነው፤ ኤምባሲው በሚጠይቀው መንገድ አስቀድማችሁ አረጋግጡት።

አንድ ነገር ግን ብዙዎች ይዘነጉታል። በኢትዮጵያ ቤት፣ መሬት ወይም የአክሲዮን ድርሻ ካላችሁ፣ ከዓመታት በኋላ ውርስ ሲነሳ ከዘመድ አንዱ «እናቱ አልወለደችውም» ብሎ አንቀጽ 124ን ሊጠቅስ ይችላል። የአሜሪካውን ፍርድ የተረጋገጠ ቅጂና ትርጉም ከንብረቱ ሰነድ ጋር አስቀምጡ፤ በዚያ ሳታበቁ ልጁን በስም ጠቅሶ ወራሽ የሚያደርግ ኑዛዜ በኢትዮጵያ ሕግ መሠረት አድርጉ። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብና መፈረም አለበት፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ለእረፍት አገር ቤት በሄዳችሁበት በመጀመሪያው አጋጣሚ ጨርሱት፤ ባልና ሚስት ደግሞ በአንድ ወረቀት ላይ ሳይሆን እያንዳንዳችሁ የየራሳችሁን ጻፉ።